«ንብን አጥፋት» ያለው ረዳት

ስንት የተቆረጠ ቀጠሮ መና ሲቀር፣ ያልታሰበ መገናኘት ግን አንዳንዴ የሰውን የዕድሜ ልክ ድካም ከመጥፋት ያተርፋል። የኩላሊት ክሊኒኩ ሽማግሌ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ከዓይን ሐኪም ወጥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ደረጃውን ሲወርዱ፣ መነጽሯን ልታስጠግን ከመጣችው ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ጋሼ! ብቻዎን ነዎት?»

«እሱን የምታዪው አንቺ ነሽ፤ እኔማ ማየት እየተውኩ ነው» ብለው ሳቁ።

ልጅቱ ሙያውን የተማረችው ከሳቸው ነበርና እጃቸውን ይዛ በኩላሊት ክሊኒኩ እስካለው የሥራ ክፍላቸው ሸኘቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ደም የሚያጥቡት ማሽኖች ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ቡጢ ያክላል። ሽማግሌው ገና ሳይቀመጡ ብሶታቸውን ጀመሩ።

«ዓይኔ ሲደክም ኮድ የሚጽፍ ረዳት አመጡልኝ፤ ያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን። ዛሬ ጠዋት ከሕሙማኑ ተራ ማውጫ ውስጥ ትርፍ ፋይል አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ንብን አጥፋት!»

ልጅቱ ክው አለች። ንብ የሟች እናቷ ቅጽል ስም ነው። እናቷ እዚሁ ስትታከም አርፋ መቀመጥ አታውቅም ነበር፤ ከሩቅ የመጡትን እየለየች ታስቀድማቸዋለች፣ ሳይመሽባቸው ቤታቸው እንዲገቡ። ስትሞት ወንድሟ፣ እኚሁ ሽማግሌ፣ ያንኑ ደንብ የሕሙማኑን ተራ በሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ ጽፈው ፋይሉን በስሟ ጠሩት። ይህን ለልጅቱ የነገሯት ገና አሁን ነበር።

«እንዴት አድርገው ነው የጠየቁት?» አለች፣ እንባዋን ዋጥ አድርጋ።

«እንደ ደንቡ ነዋ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በየጠዋቱ ኮዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሸክመዋለሁ። ቁንጽል ይዞ እንዳይዘባርቅብኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ከሥሩ ማለት ዛፉን ነቅሎ ማምጣት ነው እንዴ? ይህ ረዳት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ልክ አለው። ሲበዛበት ከፊሉ ይቆረጣል፤ የቀረውም ይደበላለቅበታል። ንብን ጠርቶ የሚጠቀምባት ክፍል ከተቆረጠው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ጠሪ ያላገኘላትን ፋይል ትርፍ ናት ቢል ምን ይገርማል?»

«ታዲያ ያላየውን አላየሁም አይልም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ አላምነውም።»

«አይመኑት፤ ግን መንገድ ያሳዩት። እኔን ሲያስተምሩኝ ኮዱን ሁሉ አንብቢ አሉኝ? ‹ተራው እዚህ ነው፣ የመድኃኒቱ እዚያ ነው፣ የምትፈልጊውን ፈልገሽ ክፈቺ› አይደል ያሉኝ?»

እውነቷን ነው። ብዙዎቻችን ለልጅ ያለንን ትዕግሥት ለአዲስ መሣሪያ እንነፍገውና ሲሳሳት «ድሮም ብዬ ነበር» እንላለን።

«አንቺን ሳስተምር ዓይን ነበረኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አሁን ፕሮግራሙ ያለው እዚህ ነው» ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «እኔ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። አንዱ መጥቶ ንብን ያጠፋታል፤ ከሩቅ የመጣ ሰውም ተራው መጨረሻ ይሆንና መንገድ ላይ ይመሽበታል። የምፈራው ይህን ነው።»

«ይንገሩኛ! እኔ ልጻፈው።»

እሳቸው እየተናገሩ እሷ ጻፈች። አጭር መመሪያ ነው፦ የትኛው ክፍል ምን ይሠራል፣ ማን ማንን ይጠራል፣ ሰው ሳይጠየቅ የማይነካው የቱ ነው። ረዳቱ አስቀድሞ ይህን እንዲያነብ፣ ከዚያም ለተጠየቀው የሚያስፈልገውን ፋይል ብቻ ፈልጎ እንዲከፍት አመቻቸችለት። ንብ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ቃል በቃል አስጻፏት።

«ከሩቅ የመጣ ይቅደም፤ ሳይመሽበት ቤቱ ይግባ፣ በይ። የሚጠራት ተራ አውጪው ክፍል ነው። እሷን ሰው ሳይጠየቅ እንዳትነካ።»

የጠዋቱን ጥያቄ ደግማ ጠየቀችው። ረዳቱ መመሪያውን፣ ተራ አውጪውንና ንብን ከፈተ፤ ሌላውን አልነካም። መልሱን ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረገችው፦ «ንብ መጥፋት የለባትም። ከሩቅ የሚመጡ ሕሙማን ሳይመሽባቸው እንዲገቡ ተራ አውጪው ይጠቀምባታል። ለውጥ ካስፈለገ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አዩ ጋሼ፤ መልሱ ፈጠነ። የቱን እንደከፈተ ስለምናይ ቢሳሳትም እንይዘዋለን። እርስዎ የሚያውቁትም ከእርስዎ ጋር አይሄድም። ነገ አዲስ ሰው ቢመጣ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።»

«ተረታሁ» አሉ። «ለካ እስከ ዛሬ ሳሸክመው እንጂ ሳስረዳው አልነበረም። ነገ ደግሞ የመድኃኒቱን ክፍል እንጽፋለን።»

ከዚያም ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳብ አደረጉ። «ነገ ለምን? አሁኑኑ እንጀምረው እንጂ።»

ልጅቱ በመስኮቱ አየች። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፤ የአጎቷ ቤት ደግሞ ከከተማው ዳር ነው። ኮታቸውን አንስታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

«ይነሱ ጋሼ፤ ከሩቅ የመጣ ይቅደም። ሳይመሽ ቤትዎ ይግቡ።»

ሽማግሌው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። ፊቷ ብዥ ብሎባቸዋል፤ ድምፁን ግን አልሳቱትም።

«ቁርጥ እናትሽን» አሉና እጃቸውን ሰጧት።