ሜዳውን ያስተካከሉት የጋሽ ውሃ ልክ ዜና ሕይወት

ውድ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ከፊት ባሉት ወንበሮች ላይ የተቀመጣችሁ የእግር ኳስ ክለባችን አመራሮች፤ የታላቅ ወንድሜን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ ሲያዘኝ፣ ባለቤታቸው አንድ ነገር ብቻ አደራ ብለውኛል፤ እንዳላሳምረው። ስለዚህ እንደነበረ አነበዋለሁ።

ሁላችሁም ጋሽ ውሃ ልክ እያላችሁ ትጠሯቸው የነበሩት ወንድማችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከቆርቆሮ ፋብሪካው ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የአባታችንን የሥራ ዕቃ ተሸክመው ይከተሉ ስለነበር፣ ከመጫወቻ ይልቅ ያቺን የእንጨት ውሃ ልክ ወደዷት፤ በመስታወት ቱቦዋ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ መሐል ላይ ካልቆመች አባታችን የተገነባውን ግድግዳ ያለ ርኅራኄ ሲያፈርሱ እያዩ አድገዋልና፣ ጠማማ ነገር አይተው ማለፍ ሳይችሉ ኖሩ። ትምህርት ቤትም ሳሉ ሰሌዳው ዘመም ብሏል ብለው መምህራቸውን ደጋግመው ያስቸግሩ እንደነበር፣ መምህሩም በመጨረሻ መዶሻ ሰጥተው እንዳስተካከሏቸው፣ ማለቴ ሰሌዳውን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ እንዳደረጓቸው፣ እናታችን እየሳቁ ይነግሩን ነበር። አባታችን ከመወጣጫ ላይ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው የግንበኝነቱን ሥራ ተረከቡ፤ እኔ ዛሬ ይህን ጽፌ ማንበብ የቻልኩት እርሳቸው ደብተራቸውን ስለዘጉልኝ ነው።

በወጣትነታቸው፣ ከሥራ መልስ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ላይ ኳስ ከሚጫወቱት የጋራዥ ሠራተኞችና ግንበኞች ጋር ሆነው ክለባችንን መሠረቱ። የመጀመሪያውን መለያ እናታችን ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ሰፉላቸው፤ አንደኛው እጅጌ ከሌላው ይረዝም እንደነበር የምታስታውሱ አትጠፉም። ሜዳ ተብሎ ይጠራ የነበረው ቦታ ከግንቡ ሥር ተነሥቶ እስከ ፍሳሽ መውረጃው ቦይ ድረስ ወደ ጎን ያዘቀዘቀ ስለነበር፣ ቅጣት ምት የሚመታ ተጫዋች ኳሷን የሚደግፍለት ሰው ያስፈልገው ነበር። የኛ ልጆች ግን መላ አበጁ፤ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ወደ ጓደኛው ሳይሆን ከጓደኛው በላይ፣ ወደ ግንቡ በኩል አስበልጦ ይመታል፣ ኳሷም በራሷ ጊዜ ተንሸራታ እግሩ ሥር ትደርሳለች። ይህን የማያውቅ እንግዳ ቡድን ሁሉ ኳሱን ከቦይ ሲያወጣ ውሎ፣ ተሸንፎና ሸትቶ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ክለቡ ለከተማው ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ ጨዋታውም በትልቁ ስታዲየም ሆነ። ልጆቻችን ያን የመሰለ ደልዳላ መሬት በእግራቸው ረግጠው አያውቁም ነበርና፣ በለመዱት መንገድ ከጓደኛ በላይ እያስበለጡ ሲያቀብሉ ኳሷ የምትንሸራተትበት አጥታ እየሄደች፣ እየሄደች፣ ከመስመር ትወጣ ጀመር። ተመልካቹ «ማንን ነው የምታቀብሉት? ግንቡን ነው?» እያለ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ አምበላቸው ወንድሜ ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማው ሰው ክለቡን ዘመሞቹ ብሎ ጠራው፤ ስሙም ተጣበቀ። በጭነት መኪና ላይ ተጭነው ሲመለሱ እርሳቸው «ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የመሬቱ ነው፤ መሬቱን አስተካክለዋለሁ» አሉ። ይህ ቃል ዕድሜያቸውን እንደሚበላው ያን ጊዜ ማን አወቀ?

የዳቦ ቤቱን ምድጃ ሲሠሩ ከተዋወቋቸው የዳቦ ቤቱ ሻጭ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። የመኖሪያ ቤታቸውንም በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ወለሉን ግን ለጊዜው እንደ ነገሩ አፍስሰው፣ ሜዳው ሲያልቅ እመለስበታለሁ ብለው ተዉት። በዚያ ቤት ሽንኩርት ከጠረጴዛ ከወደቀ ተንከባሎ በር ላይ ይገኛል፤ የጠረጴዛው አንድ እግር እስከ ዛሬ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ነው የቆመው። ባለቤታቸው «የሰውን በውሃ ልክ፣ የእኔን በዓይንህ ግምት!» እያሉ ሲቆጡ፣ ወንድሜ አንገታቸውን ደፍተው «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይሉ ነበር። ትንሽ የተባለው ዓመታት ወሰደ።

ከሥራ ሲመለሱና በእረፍት ቀናቸው፣ ችካል ተክለው፣ ሲባጎ ወጥረው፣ ከላይኛው በኩል አፈር እየቆረጡ በእጅ ጋሪ ወደ ታችኛው ገፉ፤ አፈሩ ወደ ቦይ እንዳይናድም በሜዳው ርዝመት ሙሉ የድንጋይ ግንብ ገነቡ። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ ሁሉ አካፋ ይዘው ወጥተው ነበር፤ ኋላ ግን የአንዱ ወገብ ታመመ፣ የአንዱ አማት ታመሙ፣ ሌላውም ታማሚ ባያገኝ ዝናብ ይመጣል አለ። የያኔው የግራ ክንፍ ተጫዋች፣ የዛሬው የክለባችን ሊቀመንበር፣ በእጃቸው አካፋ ባይነኩም ከጥላ ሥር ሆነው በርቱ ይሉ እንደነበር ለታሪክ ሊነገርላቸው ይገባል። በመጨረሻ ወንድሜ ከእጅ ጋሪያቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ሜዳው ባለቀ ዕለት የአባታችንን ውሃ ልክ መሐል ሜዳ ላይ ሲያኖሯት፣ አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች፤ ሰውም አጨበጨበ። በዚያው ዓመት ግን ክለቡ በገዛ ሜዳው መሸነፍ ጀመረ፤ እንግዶቹ ቦይ ውስጥ መግባታቸው ቀርቶ እንደ ሰው ተቀባብለው ይጫወቱ ስለነበርና፣ የኛዎቹ ደግሞ እግራቸው የለመደውን አልተው ብሎ አሁንም ወደ ትምህርት ቤቱ ግንብ ያስበልጡ ስለነበር ነው። ያጨበጨበው ሰው ዞሮ «ክለቡን ገደሉት» አላቸው። እርሳቸው «ገና አሁን ኳስ ልንማር ነው» ብለው ከአዳዲሶቹ ልጆች ጋር ከዜሮ ጀመሩ፤ ልጆቹም በእውነት መማር ጀምረው ነበር።

ጨርሰው ቢማሩ ደግ ነበር። ቀድሞ ያን ቦታ ለግንባታ ብለው ያዩት ሰዎች ሁሉ ዳገቱንና ቦዩን ተመልክተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመለሱ ነበር፤ ከተስተካከለ በኋላ ግን አንድ ባለሀብት ከመኪናቸው ወርደው፣ መሬቱን በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው ፈገግ አሉ። ወንድሜ ለሥራ ሌላ ከተማ በሄዱበት ሳምንት፣ ሊቀመንበሩና ኮሚቴያቸው ተሰብስበው ለክለቡ የረጅም ጊዜ ዕድገት ሲባል ሜዳው እንዲለቀቅ ተስማሙ፤ በምትኩም ከድንጋይ ማውጫው ማዶ ሌላ ቦታ ተሰጠን፤ ቆሞ ለማየት እንኳ የሚያንሸራትት ገደል። ወንድሜ ሲመለሱ አጥሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ቦታው ለመጋዘን የተመረጠበትን ምክንያት ይገልጽ ነበር፤ ደልዳላ በመሆኑ ተጨማሪ የማስተካከል ሥራ አያስፈልገውም ይላል። እርሳቸው ማስታወቂያውን ሲያነቡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ በችካላቸው የለኩትን መሬት በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀው አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ምነው በጮኹ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ክለቡ በዚያው ተበተነ። ሥራ በጠፋበት ወቅት አንድ ጓደኛቸው ለወለል ሥራ ብሎ ሲወስዳቸው፣ የደረሱት እዚያው የመጋዘኑ ቦታ ላይ ሆነ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ውሃ ልካቸውን መሬቱ ላይ አኖሯት፤ አረፋዋ አሁንም መሐል ላይ ነበረች። የማያውቋቸው ፎርማንም «ይህን መሬት ያዘጋጀ ሰው እጁ ይባረክ፤ ስንት ሥራ ቀነሰልን መሰለህ» አሏቸው። ወንድሜ ምርቃቱን ተቀብለው፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ይህን ለባለቤታቸው ብቻ ነገሯቸው፤ በማግስቱም የገዛ ቤታቸውን ወለል መቆፈር ጀመሩ።

ይሁን እንጂ የዘመናት የሲሚንቶ አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶት ስለነበር፣ ሥራው ከወጥ ቤቱ አጋማሽ ሳያልፍ አልጋ ያዙ። በሆስፒታልና በቤት ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸው ዛሬም ምግብ የሚያበስሉት በተስተካከለው በኩል ቆመው ነው፤ ውሃ የሚቀዱት ግን ባልተስተካከለው ነው።

ክለቡ «ለባለውለታችን» የሚል የአበባ ጉንጉን ልኳል። ቡድን የለውም፣ ሜዳም የለውም፤ ሊቀመንበርና ማኅተም ግን አለው። ባለቤታቸው በትሕትና እንድናገርላቸው የጠየቁኝ ይህን ነው፤ አበባው እዚህ መቃብራቸው ላይ አይቀመጥም። ወንድማችን የተቀበሩት ያኔ፣ ከሜዳው አጥር ጀርባ ስለሆነ፣ ሊቀመንበሩ በገዛ እጃቸው ወስደው መጋዘኑ በር ላይ ያኑሩልን። ዛሬ እዚህ የምናሳርፈው ሥጋቸውን ብቻ ነው።

ጋሽ ውሃ ልክ ከአባታቸው የወረሷትን ውሃ ልክ፣ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውንና ግማሽ ወለል ትተውልን ሄደዋል። ቀሪውን ወለል ልጃቸው እንደሚጨርሰው ቃል ገብቷል።

ደክመው ላቀኑት መሬት ባዕድ ሆነው የኖሩትን ወንድማችንን፣ አምላክ ነፍሳቸውን ደልዳላ በሆነ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ደልዳላ ነው ብሎ መጥቶ የሚወስድባቸው ሰውም አይኑር። አሜን።