ቆይ፣ ራሳቸው ይጨርሱት

እትዬ ቆይ፣ ዛሬ በመሸኛሽ ቀን የግድሽን ታዳምጪኛለሽ!

ወገኖቼ፣ ይህቺ ሴትዮ ሆስፒታላችን መጀመሪያ የመጣች ቀን የፊዚዮቴራፒ ክፍሌ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አፌ እንደማያርፍ ታውቃላችሁ። «ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ግራ እጅሽ ነው አይደል? አይዞሽ!» እያልኩ እጇን አሽቼ፣ አጥፌ፣ ዘርግቼ ስጨርስ ዝም ብላ ታየኛለች። «ምስኪን፣ መናገርም አትችልም» ብዬ አንጀቴን በላችው። እሷ ቀስ ብላ፣ «ጨረስሽ? አዲሷ የንግግር ሐኪም ነኝ። እጄን ግን ቀለል ብሎኛል፣ አመሰግናለሁ» አትለኝም!

የሰው ንግግር አታቋርጥም፣ አታስቋርጥምም። ስብሰባ ላይ አለቃችን ቃል ጠፍቷቸው ልንደርስላቸው ስንል፣ «ቆይ፣ ይጨርሱ!» ትላለች፤ «እትዬ ቆይ» ያልናትም ለዚህ ነው። ስንቱን ምሳ አቀዘቀዘችብን! ይኸው አለቃችንም ይስቃሉ፤ እውነት ነዋ!

እዚያ ጥግ የተቀመጡት ጋሼ አናጢ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የሚሉትን ልቅም አድርገው ያውቁታል፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ድምፁ ይዘበራረቃል። «መዶሻ» ሊሉ «ደሞሻ» ይላሉ። አንድ ቀን የሥራ ጓደኞቻቸው ሳቁ። ጋሼም ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ፣ ቤታቸውም ጭምር። ባለቤታቸው ወደ እትዬ ይዘዋቸው ሲመጡ፣ «ድምፁ ናፈቀኝ» ብለው አለቀሱ።

ስንት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ፣ እትዬ የመዶሻ ሥዕል ስታሳያቸው ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ። «ደሞ... ደሞ...»

ባለቤታቸው ቸኩለው ሊያግዙ ሲሉ፣ «ቆይ! እሳቸው ያውቁታል። ራሳቸው ይጨርሱት» አለች።

ላብ በላብ ሆነው፣ «መዶሳ!» አሉ።

ይህቺ ሴትዮ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ብድግ ብላ አጨበጨበች። «ቀረበ እኮ፣ ጋሼ! አንድ ድምፅ ብቻ ነው የቀረዎት!» እኔ ምን ተገኘ ብዬ ከጎረቤት ክፍል ሮጬ ስገባ፣ ጋሼ እየሳቁ፣ ባለቤታቸው እያለቀሱ፣ እሷም ሥዕሉን እንደገና እያነሳች ነበር።

እትዬ፣ በሽተኛ ሲሳሳት አንገቴን የምደፋ ሰው ነበርኩ። ስህተቱ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረበ መስማት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከልቤ አመሰግንሻለሁ። እንዴት እንደምትናፍቂኝ ለመናገር ደግሞ እኔም ቃል የለኝም።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ! ምኞቱን የሚናገሩልን ጋሼ ናቸው፤ ራሳቸው ጠይቀው ነው። ልጨርስላቸው የሚል ካለ ከአሁኑ ይውጣ። እኔም ምላሴን ነክሼ እጠብቃለሁ። ጋሼ፣ ይነሱ።

«ለ... ለቴ... ለቴና...»

ቆይ! ማንም እንዳይነካቸው።

«ለ... ለጤናሽ፣ እህቴ!»

ሰማሽ፣ እትዬ? ራሳቸው ጨረሱት። ለጤናሽ!