ዓለምን የቀቀለች እናት

ከአረካ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሎንችና፣ ከፊቴ አንዲት ሴት ትልቅ ዱባ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ዝም ማለት አልቻሉም።

«ልጄ፣ ዱባው ላይ በከሰል የተሳለው ምንድን ነው?»

«ዓለም ነው፣ አባባ።»

«የምን ዓለም?»

«የልጄ አስተማሪ አንደኛ ክፍልን ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ዱባ ላስተምር አሉ። ሰኞ አገሮቹን ሳሉበት። ማክሰኞ ወገቡን በገመድ ለኩ። ነገ ተከፍቶ ፍሬው ይቆጠራል።»

«ታዲያ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

«ትናንት ዱባውን ቤት ወስዶ የማሳደሩ ተራ የልጄ ነበር። እኔ አላወቅኩም፣ ጓዳ አገኘሁት። አማቴ ድንገት መጡብኝ፣ ቀቀልኩት።»

«ዓለምን?»

«ጥላሸት መስሎኝ አጥቤ ነው።»

«አማትሽ ምን አሉ?»

«ጨው አነሰው አሉ።»

«ልጅቷስ?»

«እስካሁን አላናገረችኝም። ይሄን ከእህቴ ጓሮ ለምኜ አመጣሁ። እኔው የማውቀውን ያህል ሳልኩበት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት።

«ወላይታ የቱ ጋ ነው?»

«ይሄ ሁሉ።»

«ይቺ እብጠትስ?»

«ዳሞታ ተራራ ናት። ዱባውን የመረጥኩት ለሷ ብዬ ነው።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ተውኩት።»

«ሌላው አገርስ?»

«ከታች በኩል አለ፣ ትንሽ ተጣበበ።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ።

«ልክ ነው የሳልሽው» አሏት።

እኔም ለእራት የገዛሁትን ዱባ ከዘንቢሌ አውጥቼ ቀስ ብዬ አገላበጥኩት።