የአሮጌ ጸሎት መጻሕፍት ጠጋኙ አቶ ይዲድያ ባሮክ

አቶ ይዲድያ ባሮክ በ1952 ዓ.ም. በጎንደር ክፍለ ሀገር ከቤተ እስራኤል ወገን ከአባታቸው ከቄስ ባሮክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስመኝ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት አባታቸው ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ቄሱ ይኼስ ይተካኛል ብለው ተስፋ ጥለውባቸው ነበር።

ቤተ እስራኤል በሱዳን አድርገው ወደ ኢየሩሳሌም በተሰደዱበት ዘመን፣ ሱዳን ሲደርሱ ወባ ጥሏቸው ሆስፒታል ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰደ፤ እሳቸው ብቻቸውን ቀርተው ኋላ ለካናዳ ተመዘገቡ። በቶሮንቶ፣ ባተርስት ጎዳና ላይ በሚገኝ ምኵራብ ተቀጥረው የተቀደዱ የጸሎት መጻሕፍትን ሲጠግኑ ኖሩ። የፈጣሪ ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ጥገና የማይመልሰው ሲሆን በአይሁድ ሥርዓት እንደ ሰው ይቀበራል እንጂ አይጣልምና፣ አፈር የሚያለብሱትም እሳቸው ነበሩ።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅን አግብተው ኤልያናን ወለዱ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን የሴንት ጄምስ ታውኑ አፓርታማ ጭር አለባቸው። በምኵራቡ ቢከበሩም ጸሎቱ በዕብራይስጥ ነው፤ ከሐበሻው መካከል ግዕዝ የሚያውቅ ቢኖርም ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ድግስ ተጠርተው በሃይማኖታቸው ሥርዓት ያልታረደ ሥጋ ባለመንካታቸውም ኮሩ ተብለው ታምተዋል፣ አይ ሰው! ከአባታቸው የወረሱትን ኦሪት በየሰንበቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለባዶ ቤት ያነቡ ነበር። ኤልያና አማርኛ ብትሰማም መልሷ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሥራ ሲባክኑ ፊደል ሳያስቆጥሯት በመቅረታቸው አንጀታቸው እንዳረረ ኖሩ።

አምና ካንሰር ሲጸናባቸው ልጃቸውን ጠርተው፣ አንባቢ ያጣ መጽሐፍ ሬሳ ነውና ኦሪቱን ከእኔ ጋር ቅበሪው ሲሉ ተናዘዙ። እሷም ወጥታ የጎረቤታቸውን የአቶ መርዕድን በር አንኳኳች። አቶ መርዕድ በቤተ ክርስቲያን ግዕዝ የተማሩ ሰው ናቸውና፣ ልጅቱ ክረምቱን ሙሉ ከሀ ጀምራ ስትማር ከርማ በመጨረሻው ሰንበት በአባቷ አልጋ አጠገብ የኦሪትን የመጀመሪያ መስመር እየተንተባተበች አነበበች። አቶ ይዲድያ ግን ያን ጊዜ መናገር አቁመው ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ነበር፣ ይስሙ አይስሙ እግዚአብሔር ይወቅ። በማግስቱ ዐረፉ።

በሕይወት የቀሩት ልጃቸው ኤልያናና በኢየሩሳሌም የሚኖሩት ወንድማቸው አቶ ዑራኤል ናቸው። አምላከ አብርሃም ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ጋር ይደምርልን። ኑዛዜዎን አፍርሰናል፣ ጋሼ ይዲድያ ይቅር ይበሉን፤ ዛሬ ወደ መቃብር የሚወርዱት ያለ ኦሪቱ ብቻዎን ነው፤ ኤልያና ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ናት።