ለሞቱት ዓሦች የተጣለው ሰርዲን

ሽማግሌው ቶኩማትሱ በሴቶ ባሕር ዳር ካለው ቤተ መቅደስ ሲመለሱ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ ሱሚዬ ከዓሣ ማርቢያ መረባቸው ሥር ጭቃ ስታወጣ ድንገት ደረሱባት። ፊታቸው ጠቆረ። ይህች ልጅ ተምራ ከመጣች ወዲህ ከማዶው የወረቀት ፋብሪካ ሰዎች ጋር ስታወራ አይተዋታል፤ በገዛ ዘመዴ እጅ ሊወነጅሉኝ ነው ብለውም ጠርጥረዋል። ባለፈው በጋ ባሕሩ ቀልቶ ከመረቦቻቸው የአንዱ ዓሣ ብቻ ሲተርፍ፣ ፋብሪካው እጄ የለበትም ብሎ ነበር። ይህም ካለቀ ከአባታቸው የወረሱትን ወሽመጥ ለቀው ኦሳካ ልጃቸው ዘንድ መጠጋታቸው ነው።

«ማን ላከሽ?» አሏት።

«ማንም አልላከኝም፣ አጎቴ። በፋብሪካው በኩል ካለው ባሕርም ጭቃ አውጥቻለሁ፤ እነሱም ንጹሕ አይደሉም።»

«እነሱም? ሌላው ማን ነው?»

ሱሚዬ በትሕትና አስረዳቻቸው። የፋብሪካው ፍሳሽም ሆነ የዓሣው ትርፍራፊ ምግብ በዓይን ለማይታዩ የባሕር እጽዋት ማዳበሪያ ነው። እጽዋቱ በልክ ሲሆኑ የባሕሩ ቀለብ ናቸው፤ ሲበዙ ግን ውሃውን ያቀሉታል፣ ሞተው ሲበሰብሱም ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጡታል።

ሽማግሌው ሳቁባት። «ምግብ በዛ ተብሎ የሚሞት ዓሣ የት አየሽ?»

በመንደሩ አርቢዎች በዓመት አንድ ቀን ለሞቱ ዓሦች ይጸልያሉ። ቶኩማትሱን ግን ያ እልቂት አንጀታቸውን ስለ በላው፣ ጸሎቱ አልበቃቸው ብሎ በየማለዳው የተፈጨ ሰርዲን ለሟቾቹ እያሉ በመረቦቹ አጠገብ ባሕር ላይ ይደፉ ነበር።

ሱሚዬ ከመረቡ ሥር ያወጣችውን ጭቃ ሳንቃ ላይ ዘረገፈችው። ጥቁር ነው፤ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ሽማግሌው በጣታቸው ሲበትኑት የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ወጣ። ላዘኑላቸው ዓሦች የደፉትን ምግብ ለሕያዋኑ መርዝ አድርገውት ኖሯል፤ አፈሩ።

«ፋብሪካ ሰርዲን አይጥልም» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም ኮስተር ብለው፣ «አሁን ደግሞ የእነሱን ጭቃ ያዢና ወደ ፋብሪካው ተከተይኝ» አሏት።

ፋብሪካው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ፍሳሹን ማጣራት ጀመረ። ቶኩማትሱም ዓሣው የሚበላውን ያህል ብቻ መመገብ ለመዱ። ጭቃው የያዘውን ማዳበሪያ ቀስ በቀስ ይተፋ ስለ ነበር ባሕሩ ቶሎ አልጠራም። ከዓመታት በኋላ ግን ቀዩ ውሃ ሳይመጣ ቀረ፤ ብርሃን ታች ድረስ ስለ ገባ የባሕር ሣር በቀለ፣ ሸርጣኑም ተመለሰ።

በዚያው ዓመት የጸሎት ቀን ሽማግሌው ሰርዲኑን ጠብሰው ሱሚዬ ፊት አስቀመጡት።

«ሟቾቹ ይቅር ይሉኛል» አሉ። «አንቺ ብዪ።»