ጥቁር የመሰለው የጤፍ ሥር

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወደምሠራበት ማተሚያ ቤት አንዲት የአምስት ኪሎ ተማሪ ፍላሽ ይዛ መጣች። ውሃ የጠጣና የተጠማ ጤፍ ሥር በማይክሮስኮፕ አንስታ፣ ለነገው የመመረቂያ ገለጻዋ ልታሳትም ነው። ፎቶዎቹን ለኅትመት ወደምንጠቀምበት የፋይል ዓይነት፣ ወደ ጄፔግ፣ ስቀይራቸው ሁሉም ድፍን ጥቁር ሆኑ። «አለቀልኝ» አለች፤ «ተክሉ ደርቋል፣ ደግሜ ላነሳው አልችልም።»

ዋናውን ፋይል ከፍቼ ማውሱን ጥቁሩ ላይ ሳንሸራሽር ከታች የየነጥቡን ብርሃን የሚያሳየው ቁጥር ይለዋወጣል። «ባዶ ቢሆን ሁሉም ዜሮ ይሆን ነበር» አልኳት። ማስረዳት ስወድ ደግሞ ለጉድ ነው። «ካሜራው ብርሃንን ከስድሳ ሺህ በላይ ደረጃ አድርጎ ይለካል፤ ጄፔግ ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው። ያንቺ ፎቶ የረጅም ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ተኮልኩሏል፣ ጄፔግ ደግሞ ፎቁን ከሩቅ ስለሚያየው ምድር ቤቱ አንድ ጥቁር ይሆንበታል።»

«ታዲያ አሳንሰሩን ጥራልኛ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

የብርሃን ደረጃውን ፎቶው ባለበት በታችኛው ክፍል ብቻ ወስኜ ወደ ጄፔግ ስቀይረው ሥሩ ወጥቶ ታየ። ትንሽ ላደምቀው ስል፣ «ተው ወንድሜ፣ ሙሽራ አይደለም። እንዲነጻጸሩ ሁሉንም በዚሁ ልክ ቀይርልኝ» አለች። ቀየርኩ። የተጠማው ጤፍ የሥር ፀጉሮች ከጠጣው ይልቅ ረዝመው ታዩ።

«ብዬ ነበር» አለች ወደ ስክሪኑ ተጠግታ፤ «ውሃ ፍለጋ ነው።»