ያልተቆረጠው ገመድ

ኮምቦልቻ፣ አርብ ረፋድ፤ የቀድሞው የአሰብ ወደብ ሠራተኛ ይመር ብረትና ሽቦ በሚሠራበት ግቢ ውስጥ፣ ሰፈሩ በሞት ጊዜ የሚረዳዳበትን ቅሬ ንብረት የምትጠብቀው መዲና፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛ ሽማግሌውን ቆማ ትሞግታለች።

መዲና፦ አልቀመጥም። መጀመሪያ ያንን ቃልዎን መልሰው ይዋጡልኝ።

ይመር፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ እንዴት አድርጌ ልዋጠው? ደግሞ ውሸት አልተናገርሁም።

መዲና፦ የቅሬውን ቤት በር በሽቦ ገመድ አስረው፣ በሁሉ ፊት ቆመው «ይህን ገመድ ከቁልፉ በቀር ሸይጧንም አይከፍተው» ብለው የለ?

ይመር፦ ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ።

መዲና፦ እንግዲያው ሌባዋ እኔ ነኛ!

ይመር፦ እሱን ደግሞ ማን አለ?

መዲና፦ ማን ያላለ አለ? አምስቱ ትልልቅ ድስቶች ማክሰኞ ለት ከቅሬው ቤት ወጡ። ገመዱ አልተቆረጠ፣ ጓጉንቸሩ አልተሰበረ። ቁልፉ የት ነው? ይኸው አንገቴ ላይ። «ይመር የማይቆረጥ ነው ብሎናል፤ ታዲያ ከመዲና በቀር ማን ይከፍተዋል?» አሉ። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ተሰብስበው ከቅሬ ሊያስወጡኝ ነው።

ይመር፦ ቆይ ቆይ። ገመዱ አልተቆረጠም?

መዲና፦ አልተቆረጠም አልሁ።

ይመር፦ አላልኋችሁም!

መዲና፦ ያረቢ! እኔ በቁሜ ልቀበር ነው፣ እሳቸው ገመዳቸውን ያሞግሳሉ።

ይመር፦ እንዴት አላሞግስ? ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ። የመጀመሪያውን ሌቦች በፒንሳ ነከሱት። ሁለተኛውን በመጋዝ ገዘገዙት። በሦስተኛው ቁጭ ብዬ አሰብሁ። መሐሉን የክሬን ገመድ አደረግሁት፤ በላዩ ላይ አጫጭር የቧንቧ ቁራጭ እንደ መቁጠሪያ ደረደርሁበት። መጋዙ ሲነካው ቧንቧው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። መጋዝ እኮ የሚበላው የቆመ ነገር ነው፤ የሚዞረውን ምን ያደርገዋል?

መዲና፦ ይህን ለቅሬው ዳኛ ያስተምሩት። ለእኔ የሚጠቅመኝ ሌላ ቃል ነው። አብረውኝ ይሂዱና «ገመዱ ያለ ቁልፍም ሊከፈት ይችላል» ይበሉልኝ።

ይመር፦ አይችልማ!

መዲና፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ይመር፦ ስደቢኝ፣ ግድ የለም። አሥራ አራት ዓመት አሰብ ወደብ ላይ የክሬን ገመድ ስቀጥል፣ ከኔ ገመድ ላይ አንዲት ጆንያ ሰው ራስ ላይ ወድቃ አታውቅም። ዛሬ በሽምግልናዬ፣ የይመር ገመድ ላላ ብዬ በአደባባይ ልመስክር?

መዲና፦ እናቴን ያስቡልኝ እንግዲያ።

ይመር፦ ምን ሆነች?

መዲና፦ እህል በአፏ ካልዞረ ዐሥር ቀኗ። ዛሬ ነገ የምትል ሰው ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈሩን ሴት ሬሳ ስታጥብ ኖራ፣ የእርስዎንም ሚስት አጥባ ከፍና፣ ለሷ የሚያጥባት ይጥፋ? ዛሬ ከቅሬ ብወጣ፣ ነገ ብታርፍ፣ ቃሬዛዋን ማን ይሸከማል? መቃብሩን እኔ በጥፍሬ ልቆፍር?

ይመር፦ አላህ ያሽራት። እንዲህ መክበዷን ማን ነገረኝ?

መዲና፦ ማን ይነግርዎታል? ከኑርዬ ለቅሶ ወዲህ እኮ የሰው ደጅ አይረግጡም።

ይመር፦ የልጄን ስም አታንሺብኝ።

መዲና፦ አፉ ይበሉኝ።

ይመር፦ ሁለት ዓመቱ። የመን ሳይደርስ ባሕር በላው። ሬሳውን አላየሁ፣ አፈር አላለበስሁት።

መዲና፦ እናውቃለን፤ እርሙን በጋራ አይደል ያወጣነው? ለሰደቃው በእነዚያው ድስቶች የቀቀልሁት እኔ ነኝ። እንባዬ ወጡ ውስጥ እየገባ።

ይመር፦ ውለታሽን አልረሳሁም። እስቲ፣ ያ በጨርቅ የያዝሽው ምንድን ነው?

መዲና፦ ገመድዎ ነዋ። ያዙት። በዚህኛው ጫፍ ያለው ቀለበት ደኅና ነው፤ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ አለ። በዚያኛው ጫፍ ያለው ቀለበት ግን የለም፣ እንዲህ ተበታትኗል። ዳኛው «በቁልፏ ከፍታ ካወጣች በኋላ ለማስመሰል የበታተነችው ነው» አለ።

ይመር፦ ወዲህ ወደ ብርሃኑ በዪ።

መዲና፦ ደግሞ አንድ ነገር ገርሞናል። የተፈታው ክር ሁሉ ጫፍ ጫፉ በቀጭን ሽቦ ታስሯል። ዳኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሌባ እንዲህ አይጠነቀቅም፤ ይህ የሴት እጅ ነው»! ሰዉም አመነው። እኔ በሕይወቴ ሽቦ ጠምጥሜ አላውቅም።

ይመር፦ ጨርቁን መልሺልኝ።

መዲና፦ ጋሽ ይመር? ለምን መልሰው ይጠቀልሉታል?

ይመር፦ ምንም አይደል። ዝናብ እንዳይነካው ነው።

መዲና፦ በዚህ ፀሐይ?

ይመር፦ መዲና… ምናልባት ቁልፉን ለሰው ሰጥተሽ እንደሆን?

መዲና፦ ምን አሉኝ?

ይመር፦ ሰው ይረሳል። እናትሽ ታማብሽ፣ ሐሳብሽ ተበታትኖ…

መዲና፦ አንቱም? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል! ሁሉም ቢከዳኝ ጋሽ ይመር አይከዳኝም ብዬ ነበር የመጣሁት።

ይመር፦ ሌላ ገመድ እሠራላችኋለሁ። ቅሬው አምስት ሳንቲም አያወጣም። ጫፉን በቀለጠ እርሳስ እደፍነዋለሁ፤ ከእንግዲህ የማንም እጅ አይፈታውም።

መዲና፦ እንግዲያው ይኸኛውን እጅ ፈትቶታላ?

ይመር፦ እንደዚያ አላልሁም።

መዲና፦ ብለዋል። የማን እጅ ነው?

ይመር፦ ተይኝ መዲና። ዝም አይነቅዝም።

መዲና፦ እሱ ተረት ሞት ላልቀረበው ቤት ነው። እኔ ዝም ብል የምትቀጣው እናቴ ናት። ይህን የፈታውን ሰው ያውቁታል፤ ፊትዎ ነግሮኛል።

ይመር፦ …በወስፌ ነው የፈታው።

መዲና፦ ማን?

ይመር፦ ይህ ቀለበት ሲሠራ፣ የገመዱ ጫፍ ታጥፎ ወደ ራሱ ውስጥ ይጎነጎናል። ስድስት ክር አለው። መፍታት የፈለገ ስድስቱን አንድ በአንድ፣ በገቡበት መንገድ ወደ ኋላ ማውጣት አለበት። የማያውቅ ሰው ጣቱን ተወግቶ፣ ተራግሞ ይተወዋል። ይህ አልተወውም። አልቸኮለም።

መዲና፦ ማን ነው እኮ?

ይመር፦ ፈትቶ ደግሞ አልጣለውም። ሌባ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል። ድስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ገመዱ እንዳይበተን ብሎ ጫፉን የሚያስር ሌባ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

መዲና፦ ሞኝ ካልሆነ።

ይመር፦ ሞኝ አይደለም። የተማረ ነው። «ገመድ ፈትተህ ጫፉን ሳታስር ከተነሣህ እጅህን እሰብረዋለሁ» እየተባለ የተማረ። ሰባት ዓመቱ ነበር። እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ላይ ቁጭ አድርጌ ነው ያስተማርሁት።

መዲና፦ ጋሽ ይመር…

ይመር፦ ጥምጥሙን እዪው። የሰው ሁሉ ጥምጥም ወደ ቀኝ ነው። የዚህ ወደ ግራ ነው።

መዲና፦ ግራኝ… ላ ኢላሃ ኢለላህ። ኑርዬ?

ይመር፦ ቀስ ብለሽ ጥሪው።

መዲና፦ ኑርዬ አለ? ቆሟል? አልሐምዱሊላህ! ወይኔ፣ እልል ነው እንጂ…

ይመር፦ አትዪ! እልል እንዳትዪብኝ።

መዲና፦ ከባሕር ለተረፈ ልጅ እንዴት እልል አይባልም?

ይመር፦ ከባሕር ተርፎ ከአባቱ ደጅ ያልደረሰ ልጅ ነዋ። ከቅሬው ቤት እስከዚህ ስንት እርምጃ ይሆናል?

መዲና፦ ቢበዛ ሁለት መቶ።

ይመር፦ ያን ሁሉ በረሃ ተመልሶ መጥቶ፣ ሁለት መቶ እርምጃ አቃተው።

መዲና፦ ምን በድሎ?

ይመር፦ የበደልሁት እኔ ነኝ። በሬዬን ሽጬ ስሸኘው፣ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ «ባዶ እጅህን እንዳትመለስ፤ ባዶ እጅህን ከመጣህ አባት የለህም» አልሁት። ልቡን ላጠነክርለት ብዬ ነው። አባት የሚለው ነገር ይጠፋዋል፣ ያገኘውን ይላል። ልጁ ግን ቃሌን ቆጥሮ ያዘ።

መዲና፦ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ይመር፦ እነሆ እጁን እየሞላ ነው። በቅሬ ድስት።

መዲና፦ የገዛ ሰደቃው በተቀቀለበት!

ይመር፦ ማን ነግሮት? መሞቱንም አያውቅ።

መዲና፦ ገመዱ የእርስዎ መሆኑን ግን አይቶ አውቋል።

ይመር፦ እንዴት አያውቅ? ጉንጉኔን በጨለማ በጣቱ ይለየዋል።

መዲና፦ ታዲያ ጫፉን ያሰረው… አባቴ ይየው፣ መኖሬን ይወቅ ብሎ ይሆን?

ይመር፦ እሱን ነው የማላውቀው! ለኔ የላከው መልእክት ይሁን፣ እጁ እንደለመደ ያሰረው ይሁን፣ በምን ልወቅ? አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

መዲና፦ አይዞዎት። እሳት አመድ ወለደ እያሉ ራስዎን አይብሉ። ግን ይነገራል ጋሽ ይመር። መነገር አለበት። ስሜን አጥፍቶ ሄዷል።

ይመር፦ ከተነገረ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ዱላ ይዞ ይወጣል። ባለፈው የያዙትን የፍየል ሌባ እንዴት እንዳደረጉት አይተሻል።

መዲና፦ አያስታውሱኝ።

ይመር፦ አንዴ ቀብሬዋለሁ። አለ ብዬ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ፣ እንደገና ልቅበረው?

መዲና፦ እኔስ እናቴን የት ልቅበር?

ይመር፦ እኔ እቀብራታለሁ።

መዲና፦ በዚያ ወገብ? ቃሬዛ በአራት ሰው ነው የሚነሣው። እኔና እርስዎ፣ ሌላው ሁለት ማን ነው?

ይመር፦ «እኔ ነኝ የሰረቅሁት» ብልስ? እኔው ሠራሁት፣ እኔው ፈታሁት፤ ያስኬዳል።

መዲና፦ ማን ሊያምን! ለአንዲት እንቁላል መጥበሻ የሚበዛበት ሰው፣ መቶ ሰው የሚያበላ ድስት ምን ሊያደርግለት?

ይመር፦ አረጀ፣ አበደ ይበሉ።

መዲና፦ ቁርአን ሲያስይዙዎትስ? በውሸት ሊምሉ ነው?

ይመር፦ ቁርአን ይዤማ አልዋሽም።

መዲና፦ አዩ? አይችሉም። እኔም እንዲምሉ አልፈልግም።

ይመር፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ንገሪኝ። ያየሽውን መንገድ ንገሪኝ።

መዲና፦ ገመዱን ይስጡኝ።

ይመር፦ ምን ልታደርጊው?

መዲና፦ ወንዝ እጥለዋለሁ። እኔ እዚህ አልመጣሁም፤ እርስዎም ምንም አላዩም።

ይመር፦ ለዳኛው ምን ልትዪው?

መዲና፦ ምን እለዋለሁ? ያስወጣኝ። እናቴን ጎትቼም ቢሆን ከመቃብሯ አደርሳታለሁ። እኔም ወልጃለሁ ጋሽ ይመር። ለኑርዬ ያለቀስሁት የምሬን ነው፤ ዛሬ ተነሥቼ «ያዙት፣ ደብድቡት» የምል እኔ አልሆንም።

ይመር፦ መዲና!

መዲና፦ ይስጡኝ እንጂ። አዛን ሊል ነው።

ይመር፦ አልሰጥሽም። የእጁ ሥራ ነው። ከእሱ የቀረኝ ይኸው ነው።

መዲና፦ ይያዙት እንግዲያ። ሲያለቅሱበት ሰው እንዳያይዎት ብቻ። እኔ ልሂድ።

ይመር፦ ቆዪ። ዱላዬን አቀብዪኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።

መዲና፦ ሄደው ምን ሊሉ?

ይመር፦ መጀመሪያ «ኑርዬ አልሞተም» እላቸዋለሁ። እርሙን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው፤ እልል ይበሉልኝ።

መዲና፦ ከዚያስ?

ይመር፦ ከዚያማ እልልታው ሳይበርድ፣ ሌባውም እሱ ነው እላለሁ።